ኤሌክትሪክና ማግኔትን ለልጆች ለማስተማር ምን እንግዛ? ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የትምህርት ቁሳቁስ በጀት ሲመጣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። አንዱ ትልቅ ስክሪን ይገዛ ይላል፤ ሌላው ላቦራቶሪው ይሟላ ይላል፤ ኮምፒውተር የሚወደው ወጣት መምህር ደግሞ ፕሮግራም የሚጻፍባቸውን ትንንሽ ቦርዶች ያነሣል። ወላጆችም ለቤት ምን ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም አማራጭ የራሱ ጥቅም ስላለው ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ይህ መመሪያ መጀመሪያ መስፈርቱን ያስቀምጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በመስፈርቱ ይመዝናል።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ መጀመሪያ ሽቦውን በእጁ ሊይዝ፣ አምፖሉን ራሱ ሊያበራ ይገባል። ስክሪን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው። በጀቱም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢወጣ ብር አይባክንም።

ልጆች የሚቸገሩት የት ላይ ነው?

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት መሣሪያው የሚያቃናውን ስሕተት ማወቅ ያስፈልጋል። ለአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ስጡትና «አብራው» በሉት። አብዛኛው ልጅ ሽቦውን ከድንጋዩ አናት ወደ አምፖሉ ግርጌ ያገናኝና ይጠብቃል። አይበራም። ድንጋዩን ይገለብጣል፣ ሽቦውን ጠበቅ ያደርጋል፣ በመጨረሻም «ድንጋዩ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ልጁ ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። ቤት ውስጥ ከጣሪያው ወደ አምፖሉ ሲወርድ የሚያየው አንድ ገመድ ብቻ ነው። አንድ አሮጌ ገመድ ቆርጣችሁ በውስጡ ሁለት ሽቦ መኖሩን ስታሳዩት ነው ፊቱ የሚለወጠው። የኤሌክትሪክ ዑደት፣ ማለትም ፍሰቱ ሄዶ የሚመለስበት ዝግ መንገድ፣ ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ሥር የሰደደ ነው። ልጆች የኤሌክትሪክ ፍሰቱ አምፖሉ ላይ «ያልቃል» ብለው ያስባሉ። ስለዚህ በአንድ መስመር ከተደረደሩት ሁለት አምፖሎች የመጀመሪያው ደምቆ ሁለተኛው ደብዝዞ ይበራል ብለው ይገምታሉ። እውነታው ግን በአንድ መስመር ላይ ፍሰቱ በሁሉም ቦታ እኩል መሆኑ ነው፤ አምፖሉ ከፍሰቱ የሚወስደው ኃይልን ነው።

ሦስተኛው፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ በማግኔት ይሳባል የሚለው ግምት ነው። የመዳብ ሽቦና የአሉሚኒየም ድስት እንደማይሳቡ ሞክሮ ያላየ ልጅ ቢነገረውም አያምንም። አራተኛው ደግሞ ኤሌክትሪክና ማግኔት የማይገናኙ ሁለት ምዕራፎች መምሰላቸው ነው። ዴንማርካዊው ኧርስትድ በ1820 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር እስኪያሳይ ድረስ ሳይንቲስቶችም ግንኙነቱን በግልጽ አላወቁትም ነበር። ልጆቻችን ይህን ሙከራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊደግሙት ይችላሉ።

የምንመዝንባቸው መስፈርቶች

ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ ልጁ ራሱ ይሠራበታል ወይስ መምህሩ ሲሠራ ያያል? 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ውድ መሣሪያ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ 59ኙን ተመልካች ማድረግ ነው። በአራት በአራት ሲቧደኑ 15 ስብስብ ያስፈልጋል፤ ዋጋ ሲጠየቅ መጠየቅ ያለበት የአንዱ ሳይሆን የ15ቱ ነው።

ሁለተኛው፣ የማይታየውን ያሳያል ወይ የሚለው ነው። ፍሰትና መግነጢሳዊ መስክ (ማግኔት የሚስብበትና የሚገፋበት ዙሪያ) በዓይን አይታዩም። ሦስተኛው፣ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቆማል ወይ? ቀጥሎ የሚመጣው ጥገና ነው፤ የተሰበረው ነገር ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የማይተካ ከሆነ ዕቃው በሁለተኛው ዓመት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ደኅንነትና የመምህሩ የዝግጅት ጊዜም ይቆጠራሉ።

አማራጭ 1፦ ከአካባቢ ገበያ የሚሰበሰብ ቁሳቁስ

ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎች፣ ጫፋቸው የተላጠ አራት አጫጭር ሽቦዎች፣ አንድ ረዘም ያለ ሚስማር፣ ሦስት ሜትር ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦና አንድ ማግኔት። የመዳቡን ሽቦ የተቃጠለ ሞተር ከሚጠግኑ ባለሙያዎች፣ ማግኔቱን ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ማግኘት ይቻላል። ሽቦውን በድንጋዩ ሁለት ጫፍ ላይ አጥብቆ ለመያዝ ደግሞ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ እንደ ቀለበት ተቆርጦ የሚወጣ ላስቲክ የሚያክለው የለም። በሩና መስኮቱ ከሚበየድበት የብረታ ብረት ቤት ወለል ላይ የሚጠረገው የብረት ብናኝ በወረቀት ላይ ተነስንሶ ማግኔት ከሥር ሲቀርብለት የመግነጢሳዊ መስኩን ቅርጽ ያወጣዋል።

ሁለት ነገሮች ግን ካልታሰበባቸው ትምህርቱን ያበላሹታል። አንደኛው የመዳቡ ሽቦ ሽፋን ነው። ከሞተር የወጣ ሽቦ ራቁቱን ቢመስልም በቀጭን ቫርኒሽ የተሸፈነ ነው፤ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሁለተኛው አምፖሉ ነው። ክር ያላቸው የእጅ ባትሪ አምፖሎች ከገበያ እየጠፉ ክር በሌለው ትንሽ መብራት፣ በኤልኢዲ (LED)፣ እየተተኩ ነው። ኤልኢዲ ደግሞ በአንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ አይበራም፤ ነጩ 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን ያላወቀ ልጅ በትክክል አገናኝቶ ሳይበራለት ሲቀር የተሳሳተ ይመስለዋል። ስለዚህ ለ4ኛና 5ኛ ክፍል ክር ያላቸውን አምፖሎች ፈልጋችሁ ግዙ፤ ኤልኢዲውን የፍሰት አቅጣጫ ለሚማሩት ከፍ ላሉት ክፍሎች አቆዩት።

በሚስማር ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ወደ ማግኔትነት ሲለወጥ ልጆች ጠመዝማዛውን በ20፣ በ40፣ በ80 ዙር እየቀያየሩ ስንት የወረቀት መያዣ እንዳነሣ መቁጠር ይችላሉ። ይህ በሠንጠረዥ የሚመዘገብ እውነተኛ ሳይንስ ነው። ሽቦው ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ይግላል፣ ድንጋዩም ቶሎ ይደክማል።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗ ሌላ በረከት አለው። የአሮጌ ብስክሌት ዳይናሞ ከተገኘ እጅግ ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን በእጅ ማዞር ብቻ ይበቃል፤ ቀስ ሲባል መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሲፈጥን ይደምቃል። ውስጡ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው፤ እንግሊዛዊው ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሕግ፣ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል የሚለው፣ በዓይን ይታያል። ከዚያ ወደ ጢስ ዓባይ ማመንጫ መሻገር ቀላል ነው። ከጣና ውኃ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ የሚያወርደውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫም 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በዚሁ መርሕ ነው። የጣና ልጅ የሐይቁ ውኃ እንዴት መብራት እንደሚሆን በዳይናሞ ካልተማረ በምን ይማር?

የዚህ አማራጭ ድካም የመምህሩ ዝግጅት ነው። ሽቦ መላጥ፣ ቫርኒሽ መፋቅ፣ ድንጋይ መፈተሽ ጊዜ ይበላል። ፍሰቱን ራሱንም አያሳይም፤ ውጤቱን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አማራጭ 2፦ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሙከራ ሣጥን

ሣጥኑ የመምህሩን ዝግጅት ያቀላል። አምፖሉ መያዣ አለው፣ ሽቦው መቆንጠጫ አለው፣ ማብሪያ ማጥፊያው በሥርዓት ተገጥሟል። ችግሩ ከዚሁ ይመጣል። ሁሉም ነገር እንዲገጣጠም ተደርጎ ሲሠራ ልጁ ሳያስብም ይበራለታል። አምፖሉ መያዣ ውስጥ ስለተቀበረ ሁለት የመገናኛ ነጥብ እንዳለው፣ አንዱ ግርጌው ሌላው ጎኑ መሆኑን፣ አያይም። ስለዚህ ሣጥን ብትገዙም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በራቁት አምፖልና ሽቦ አስተምሩ።

ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ የሚጠቀመው በገበያ የሚገኘውን ድንጋይ ነው ወይ፣ አምፖሉ ሲቃጠል በሌላ ይተካል ወይ፣ ቁርጥራጮቹ ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ? አንዱ መልስ «አይደለም» ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አማራጭ 3፦ የኮምፒውተር ማስመሰያ

ማስመሰያ ሙከራን በስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው፤ በብዛት የሚታወቀው «ፌት» (PhET) የተባለው ስብስብ ነው። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሲሆን በነፃ ይገኛል። አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ከወረደ በኋላ በፍላሽ ተቀድቶ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ፈቃደኛ መምህራን ተመዝግበው ወደ ቋንቋቸው የሚተረጉሙበት መሣሪያም አለው፤ የአማርኛ መምህራን ቢረባረቡበት እመኛለሁ።

ጥንካሬው ሁለተኛውን ስሕተት ማረሙ ላይ ነው። የዑደት መገጣጠሚያው ኤሌክትሮኖችን እንደ ትንንሽ ሰማያዊ ኳሶች እያንቀሳቀሰ ያሳያል። ልጁ ከአምፖሉ በፊትና በኋላ ያለውን ፍጥነት ያወዳድራል፤ እኩል ነው። መለኪያውን በሁለቱም ቦታ ያስገባል፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ባትሪው ያለ አምፖል በሽቦ ብቻ ሲገናኝ ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሣል፤ በእውነቱ ዓለም ልናደርገው የማንፈልገውን አደጋ ልጁ ሳይጎዳ ያያል። የፋራዴይን ሕግ የሚያሳየው ደግሞ ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ብቻ አምፖል እንደሚበራ፣ ሲቆም እንደሚጠፋ ያስተምራል።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጆች ኤሌክትሮን ሰማያዊ ኳስ ነው ብለው እንዳይቀሩ መምህሩ ይህ ሥዕል መሆኑን ይንገራቸው። በእውነተኛ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በአብዛኛው በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ጉዞ ነው የሚጓዙት፤ አምፖሉ ወዲያው የሚበራው በሽቦው ሙሉ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአንድነት ስለሚንቀሳቀሱ ነው። ሁለተኛ፣ ማስመሰያው ወደ ጨዋታ እንዳይለወጥ ልጆቹ ከመጫናቸው በፊት ግምታቸውን በደብተር ይጻፉ። ይህች አንዲት ልማድ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ትሠራለች።

የኮምፒውተር ክፍል ካለ ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ለአንድ ኮምፒውተር ይበቃል። አንድ ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ብቻ ካለ ደግሞ መምህሩ ከመጫኑ በፊት ክፍሉን እጅ እያስወጣ ግምት ያሰብስብ።

አማራጭ 4፦ የመምህሩ ስማርት ስልክ

ብዙ ስልኮች ኮምፓስ እንዲሠራ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ አላቸው። በጀርመኑ አኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ፋይፎክስ» የተባለው ነፃ መተግበሪያ ያንን መለኪያ ከፍቶ ቁጥሩን በማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ በሚለካበት አሃድ) ያሳያል። ባሕር ዳር ላይ የምድር መግነጢሳዊ መስክ 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው። ከተማችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች መስኩ ወደ መሬት ሳያዘነብል አግድም ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ይህንንም ስልኩን እያገላበጡ በሦስቱ አቅጣጫዎች ማየት ይቻላል።

ቀጥ ያለ ሽቦ ላይ 2 አምፔር ፍሰት ካለፈ በአንድ ሴንቲሜትር ርቀት 40 ማይክሮቴስላ መስክ ይፈጠራል፤ ይህም ከምድር መስክ በጥቂቱ ይበልጣል። የኮምፓስ መርፌ ለምን ጎላ ብሎ እንደሚዞር በቁጥር የሚገባው ልጅ በዚህ ይደሰታል። ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለ4ኛ ክፍል ግን ቁጥሩ ትርጉም አይሰጥም፤ በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ማግኔት የነካው መርፌ ይሻላቸዋል።

ርካሽ የሆኑ አንዳንድ ስልኮች መለኪያው የላቸውም፤ ኮምፓሱ የማይሠራ ስልክ አይጠቅምም። ጠንካራ ማግኔት ስልኩን አያስነኩት፤ ንባቡን ያዛባዋል። ተማሪው ስልክ ይዞ እንዳይመጣ በሚከለከልባቸው ትምህርት ቤቶችም የአንድ መምህር ስልክ በየቡድኑ ሊዞር ይችላል።

አማራጭ 5፦ ማይክሮቢትና አርዱይኖ

ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ ለተማሪዎች የተሰራጨው፣ ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ የሆነው ማይክሮቢት የራሱ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያና ጥቃቅን መብራቶች አሉት። ሌላው ቦርድ አርዱይኖ ከእርሱ ቀድሞ በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ተጀመረ። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ግን በዋናነት የሚያስተምሩት ፕሮግራም መጻፍንና መቆጣጠርን ነው። የኤሌክትሪክ ዑደትን ያልተረዳ ልጅ ቦርዱን ሲያገኝ መብራቱን ያበራው ትእዛዙ ብቻ ይመስለዋል። ኮምፒውተር ይፈልጋሉ፣ ሲቃጠሉም በቀላሉ አይተኩም፣ ሞተር በቀጥታ ከቦርዱ ላይ ሲገናኝ ሊበላሹ ይችላሉ። ለሳይንስ ክበብና ለ8ኛ ክፍል ጎበዞች እንጂ ለመነሻ አልመክርም።

አማራጭ 6፦ ትልቅ ስክሪንና ቪዲዮ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋውን የፕላዝማ ትምህርት የተማረ ሰው የዚህን ድካም ያውቀዋል። ስክሪኑ ይሄዳል፣ ተማሪው መጠየቅ አይችልም። ቪዲዮ መብረቅን፣ የኃይል ማመንጫን ውስጥ፣ ትልልቅ ሞተሮችን ለማሳየት ይጠቅማል። ለአምስት ደቂቃ አሳይቶ ማቆምና መጠየቅ ከተቻለ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን የበጀቱን ትልቅ ድርሻ ሊወስድ አይገባም።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ልጁ በእጁ ይሠራል? | የማይታየውን ያሳያል? | ያለ መብራት ይሠራል? | ጥገናና ምትክ | የሚስማማው ክፍል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የአካባቢ ቁሳቁስ | በጣም | በከፊል | አዎ | ከተማው ውስጥ | 4–8 | ዝቅተኛ |
| የሙከራ ሣጥን | አዎ | በከፊል | አዎ | እንደ ዓይነቱ | 5–8 | መካከለኛ |
| የኮምፒውተር ማስመሰያ | በስክሪን ላይ | በጣም | አይሠራም | ኮምፒውተሩ ይጠገናል | 6–8 | ኮምፒውተር ካለ ነፃ |
| የመምህር ስልክ | በከፊል | በቁጥር | ቻርጅ ካለው አዎ | ስልክ ጠጋኝ | 7–8 | ስልኩ ካለ ነፃ |
| ማይክሮቢት፣ አርዱይኖ | አዎ | በከፊል | ላፕቶፕ ቻርጅ ካለው | አስቸጋሪ | 8፣ ክበብ | ከፍተኛ |
| ትልቅ ስክሪን | የለም | በሥዕል | አይሠራም | ውድ | ሁሉም | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

መብራት ላልደረሰበት ወይም ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት የገጠር ትምህርት ቤት፣ በደሴት ወይም በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አካባቢ ላለውም ጭምር፣ በጀቱ በሙሉ ወደ መጀመሪያው አማራጭ ይሂድ። ለ15 ቡድን የሚሆን ቁሳቁስ በተሰየሙ ትንንሽ ከረጢቶች ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ አንድ ዳይናሞና አንድ ማግኔታማ ኮምፓስ ይጨመር። የድንጋይ መግዣ ብር ግን በየዓመቱ ይያዝ፤ ይህ የሚረሳ ወጪ ነው።

በከተማው ውስጥ ተማሪ ለሚበዛበት፣ አሮጌም ቢሆን የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል ላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን አማራጭ አጣምሩ። ትምህርቱን በሁለት ክፍለ ጊዜ ማቀድ ይቻላል፤ በአንዱ ልጆቹ በእጃቸው ያገናኛሉ፣ በሌላው ያንኑ ዑደት በስክሪን ላይ ደግመው ፍሰቱን ያያሉ። ለትምህርት ቤቱ አዲስ የሚገዛ ነገር ቁሳቁሱ ብቻ ነው።

በጀት ያለው የግል ትምህርት ቤት ከሣጥኑ ቢጀምር አይከፋም፤ ግን 15 መካከለኛ ሣጥኖች ከአንድ ትልቅ ስክሪን ይሻላሉ። ቦርዶቹን ለክበብ ብቻ ይግዛ፤ ቢያንስ አንድ መምህር አስቀድሞ ይሠልጥን። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የፊዚክስና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ስላሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ክበቡን እንዲረዱ መጋበዝ ይቻላል።

ለወላጅ የምመክረው በጣም ቀላል ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት አምፖል፣ ማግኔትና ሚስማር በአንድ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ልጁ ከሰባት ዓመት በታች ከሆነ ወይም ታናሽ ወንድም እኅት ካለው ትንንሽ፣ በጣም ጠንካራ የሆኑትን የብር ቀለም ያላቸውን ማግኔቶች ቤት አታስገቡ፤ ሁለቱ ከተዋጡ አንጀት ውስጥ ተሳስበው ቀዳዳ ሊያስከትሉ ይችላሉ። የአሮጌ ስልክ ባትሪም መጫወቻ አይሆንም፤ ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ሲገናኙ ወይም ሲበሳ እሳት ሊነሣ ይችላል። የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት መሆኑንና ለሙከራ ፈጽሞ የማይነካ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ የድንጋዩ 1.5 ቮልት ግን በደረቅ እጅ ቢነካ አይጎዳም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ እንዳላችሁ አንድ አምፖል በአንድ ድንጋይ አብርታችሁ እዩ፤ ሣጥን ከሆነ ከፍታችሁ ሁሉንም ሽቦ ፈትሹ። ነጋዴው እንድትሞክሩ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።